ከጋፋት እስከ ካራማራ፦ የአሜሪካ የጦር አውሮፕላንና የሚሳኤል ታሪክ በኢትዮጵያ ሰማይ

(በደብረ ታቦር ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ለደብረ ታቦር የራቀ ይመስላል። የአሜሪካ የጦር አውሮፕላንና የሚሳኤል ታሪክ ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ኪቲ ሆክ አሸዋ ወይም ወደ ካሊፎርኒያ በረሃ ነው፤ ወደ ጉና ግርጌ የሚመጣ የለም። እኔ ግን ይህ ታሪክ ሦስት ጊዜ ያህል አገራችንን በቀጥታ እንደነካ፣ የመጀመሪያውም ከዚህ ከተማ በተነሣ ሠራዊት ላይ እንደደረሰ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። የአገራችንን ድርጊቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልሁ እጠቅሳለሁ።

በዚህ መስክ የተጻፉ መጻሕፍት «የመጀመሪያው» በሚለው ቃል የተሞሉ ናቸው። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1903 በሞተር በረሩ፤ የአሜሪካ ጦር በ1909 የመጀመሪያውን አውሮፕላን ገዛ፤ ሮበርት ጎዳርድ በማርች 1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ወደ ሰማይ ላከ፤ በ1947 የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 14 ቀን ቻክ ዬገር በቤል ኤክስ-1 አውሮፕላን ከድምፅ ፍጥነት አለፈ። ዝርዝሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። አንድ መሣሪያ ከተፈለሰፈበት አገር ወጥቶ ሌላ አገር ሲደርስ ሁለተኛ ታሪክ ይጀምራል። በምን ተለወጠ? ማን አበረረው? ሲበላሽ ማን ጠገነው? ሰጪው ሲያኮርፍስ ምን ተደረገ? የኢትዮጵያ ድርሻ የሚገኘው በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው፤ እኔም ከሁሉ የማበዛው በመጨረሻዎቹ በሁለቱ ላይ ነው።

ከጋፋት እንጀምር። ከከተማችን ወጣ ብሎ በሚገኘው በዚያ ስፍራ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው እንዳዘዙ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉ፣ በስዊዘርላንድ ከባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅድስት ክሪሾና ተቋም ሰልጥነው ለወንጌል ሥራ የመጡ ነበሩ። የእጅ ሙያ እንጂ የመድፍ ሙያ አልነበራቸውም፤ የተማሩት እየሞከሩና እየከሸፈባቸው ነው። የሥራቸው ፍጻሜ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ይህን ብረት በሠረገላ አስጭነው፣ መንገድ እየቆረጡ፣ በቤተ ሖር፣ በጂዳ ገደል፣ በዋድላና በደላንታ፣ በበሽሎ በኩል መቅደላ አደረሱት። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ያን መንገድ በኋላ የተከተሉት የእንግሊዝ መኮንኖች ሳይቀሩ የሥራውን ጥራት አድንቀዋል።

መሐንዲስ ለመሆን የምትማሩ ልጆች እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ሴባስቶፖልን በብዛት የምናስታውሰው እንደ ከሸፈ መሣሪያ ነው፤ በጦርነቱ የፈየደው ነገር የለምና። ነገር ግን ስድስት ወር ሙሉ ሰባት ቶን ብረት በገደል ላይ ያወጣና ያወረደ የሰው ኃይል፣ የመንገድ ቅየሳና የአደረጃጀት ችሎታ በዚያው ሠራዊት ውስጥ ነበር። የጎደለው መድፉን ከጋፋት በኋላ የሚያሳድግ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከመጀመሪያው አሻሽሎ የሚሠራ ትውልድ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የናፒየር ጦር ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር ሲገጥም፣ በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ቁልቁል በሚወርደው ሰው ላይ ከተተኮሱት መሣሪያዎች አንዱ የባሕር ኃይሉ ሮኬት ነበር። ሮኬቱ ዊልያም ሄል የተባለ እንግሊዛዊ የፈለሰፈው ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የኮንግሪቭ ሮኬት አቅጣጫውን የሚጠብቀው ከኋላው በታሰረ ረጅም በትር ነበር፤ ሄል በትሩን አስወግዶ፣ የሚወጣው ጋዝ ጠመዝማዛ ክንፎችን እየገፋ ሮኬቱን እንዲያሾረው አደረገ። እንደ እንዝርት የሚሾር ነገር አቅጣጫውን በቀላሉ አይለቅም። የእንግሊዝ ጦር ይህን ፈጠራ ለመቀበል ሃያ ዓመት ያህል ሲያመነታ፣ የመብቱን ክፍያ ፈጽማ በጦር ሜዳ የፈተነችው አሜሪካ ነበረች፤ ከሜክሲኮ ጋር ባደረገችው ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1847 ቬራክሩዝን በከበበች ጊዜ። እንግሊዝ መሣሪያውን በይፋ የተቀበለችው በ1867 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አሮጌ ላይ ተኮሰችው።

እንግዲህ በጋፋት ምድጃ ላይ ተስፋ የጣለው ሠራዊት የገጠመው በአሜሪካ ጦር ሜዳ የተፈተነ ሮኬት ነው። ነገሩን ግን ማጋነን አይገባም። በዚያን ቀን ሰባት መቶ ያህል ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ አብዛኛውን ጉዳት ያደረሰው ከኋላ የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃ ነው፤ የሮኬቱ ድምፅና ጭስ ከጉዳቱ ይበልጥ ነበር። እኔን የሚደንቀኝ የመሣሪያው ጉዞ ነው፤ በአንድ አገር ተፈልስፎ፣ በሌላው ተሞክሮ፣ በሦስተኛው ላይ ተተኮሰ። ይህን የሦስት አገር መንገድ አስታውሱት፤ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና ይመጣል።

ሁለተኛው ታሪክ አጭር ነው፤ አሜሪካም የለችበትም፤ ለዚህ ከተማ ግን ቅርብ ስለሆነ ልዘለው አልፈለግሁም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴ 25 የተባለ ፈረንሳይ ሠራሽ ሲሆን ያበረረውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ስምንት ወር ሳይሞላ የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦርን ትተው በንጉሥ ተፈሪ ላይ ዘመቱ። በጌምድርን ከወሎ በሚያዋስነው ደጋ፣ በአንችም፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከጦር ሚኒስትሩ ከደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊት ጋር ተጋጠሙ። ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላን የውግዘት ወረቀት በተነባቸው፤ በዕለቱም ቦምብ ጣለባቸው። ራስ ጉግሣ እዚያው ወደቁ። የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፕላንን ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት ያሰለፈው በዚህ መንገድ፣ ከደብረ ታቦር በወጣ ሰው ላይ ነው። በእኔ ግምት ከቦምቡ ይልቅ ወረቀቱ ሳይጎዳቸው አልቀረም፤ ከሰማይ የወረደ ውግዘት ተራ ደብዳቤ አይደለምና።

አምስት ዓመት ቆይቶ ጣሊያን ሲዘምትብን ሰማዩ በሙሉ የጠላት ሆነ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት ገለልተኛ ነኝ ሲል አንድ አሜሪካዊ ግን በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ጆን ሮቢንሰን። የቱስኪጊ ተቋም ተመራቂ፣ መካኒክና አብራሪ የነበረው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በአገሩ የጦር አውሮፕላን እንዲያበር የሚፈቅድለት አልነበረም። እዚህ ግን ጥቂት፣ በአብዛኛው መሣሪያ ያልታጠቁ አውሮፕላኖች የነበሩትን የንጉሠ ነገሥቱን የአየር ክፍል መራ። ዜናው በቺካጎ የጥቁሮች ጋዜጦች ላይ ሲወጣ ብዙ ወጣቶችን አነሣሣ። ቱስኪጊ ከ1941 ጀምሮ የጥቁር ተዋጊ አብራሪዎች ማሰልጠኛ ከመሆኑ በፊት የሮቢንሰን ስም በዚያ ግቢ ይታወቅ ነበር። ከድሉ በኋላም ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያንን አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ። የአሜሪካ የአየር ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ምዕራፍ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ያወርዱታል፤ ቦታው ግን እዚያ አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለው ዘመን ነው ዋናው ጉዳያችን። አሜሪካ በጦርነቱ ከሠራቻቸው አውሮፕላኖች እጅግ ብዙዎቹ ሥራ ፈት ሆነው ቀሩ። ኢትዮጵያ ከእነዚህ የጦር ትርፎች አምስት ዳግላስ ሲ-47 ገዝታ፣ ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተዋውላ አየር መንገዷን አቋቋመች። የመጀመሪያው በረራ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። ውሉ ኢትዮጵያውያን እየሰለጠኑ የውጭዎቹን እንዲተኩ የሚያስገድድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ እስኪሆኑ ድረስ ሃያ አምስት ዓመት ፈጀ። ሃያ አምስት ዓመት ረጅም ነው ትሉ ይሆናል። አንድ አብራሪ በሁለት ዓመት ይሰለጥናል፤ የሞተር ጥገና ክፍልን በኃላፊነት የሚመራ ሰው ግን ከዚያ እጥፍ ድርብ ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ ደጋ ደግሞ ሞተር የሚሠራው በተራቆተ አየር ነው፤ በደብረ ታቦር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ክንፉ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተሩ ያነክሳል፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው ሜዳ ይረዝማል። የአምራቹ መጽሐፍ ይህን ሁሉ በሠንጠረዥ ያሰፍራል፤ በማለዳና በቀትር መካከል ያለውን ልዩነት ግን በእጁ የሚያውቀው በቦታው የሠራ ሰው ነው።

የአየር ኃይሉ መንገድ ሌላ ነበር። ቢሾፍቱ ላይ መሠረቱን ያደሱት ስዊድናውያን ናቸው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አብራሪ ሆኖ የመጣው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከመሪዎቻቸው አንዱ ነበር። አሜሪካ የገባችው ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. በተፈረሙ ሁለት ስምምነቶች ነው። አንዱ ለኢትዮጵያ የጦር እርዳታ ይሰጣል፤ ሌላው ለአሜሪካ በአሥመራ ያለውን የመገናኛ ጣቢያ ለሃያ አምስት ዓመት ያስረክባል። ሁለቱ በአንድ ቀን መፈረማቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ የሌላው ዋጋ ነበር። ጣቢያው «ቃኘው» ተባለ፤ በኮሪያ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር በተሰለፈው ሻለቃችን ስም።

ቃኘው ከሚሳኤል ታሪክ ጋር ምን አገናኘው? አሥመራ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ለምድር ወገብ ትቀርባለች፤ ኬንትሮሷም ሶቭየቶች የሩቅ ጠፈር መንኮራኩሮቻቸውን ከሚቆጣጠሩበት ከክራይሚያ ጋር ተቀራራቢ ነው። መንኮራኩሩ ለክራይሚያ መረጃ ሲልክ አሥመራም ላይ ከአድማስ በላይ ይሆናል። ስለዚህ አሜሪካውያን በ1960ዎቹ አጋማሽ «ስቶንሃውስ» በተባለ ሥራ ሁለት ግዙፍ ሳሕን አንቴናዎች ተከሉ፤ የአንዱ ስፋት 26 ሜትር፣ የሌላው 46 ሜትር ገደማ ነበር። የሶቭየት የሮኬትና የጠፈር ሥራ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ የሚያዳምጡበት አንዱ ጆሮ በቀይ ባሕር አፋፍ ላይ ተተከለ ማለት ነው።

ለዚህ ጆሮ ኢትዮጵያ የተከፈላት በአውሮፕላን ነው። መጀመሪያ የማሰልጠኛ ጄቶች መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በኮሪያ ሰማይ ከሚግ-15 ጋር የተፋለመው ኤፍ-86 ሴበር ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ኢትዮጵያ አራት ሴበሮችን ለተባበሩት መንግሥታት ወደ ኮንጎ ላከች። በ1966 ኤፍ-5 ተከተለ። ይህ አውሮፕላን በራሱ ታሪክ አለው። ኖርዝሮፕ የተባለው ኩባንያ ሌሎች ተዋጊ ጄቶች እየከበዱና እየተወደዱ ሲሄዱ አይቶ፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ ሁለት ትናንሽ ሞተር ያለው፣ ለጥገና የሚመች ጄት ሠራ። የአሜሪካ መንግሥትም በ1962 ለእርዳታ ተቀባይ ወዳጅ አገሮች የሚሰጥ እንዲሆን መረጠው። ራሷ አሜሪካ እንደ ዋና ተዋጊ አላሰለፈችውም፤ በመጠኑና በቅልጥፍናው ሚግ-21ን ስለሚመስል፣ የተሻሻለውን ኤፍ-5ኢን ለራሷ አብራሪዎች ልምምድ የጠላት ሚና እንዲጫወት አደረገችው።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነጥብ ልግባ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ ሮኬቶች የስለላ ሳተላይቶችን ያለማቋረጥ ወደ ሰማይ ያወጡ ጀመር። በምድር ላይ የተተከለ ጆሮ ዋጋው ረከሰ። በሕንድ ውቅያኖስ ዲዬጎ ጋርሲያ የምትባለው ደሴትም ለመገናኛ ተዘጋጀች። ስለዚህ ግርማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በሜይ 1973 ዋሽንግተን ሄደው፣ ሶማሊያ በሶቭየት መሣሪያ እየታጠቀች መሆኗን አስረድተው ብዙ መሣሪያ ሲጠይቁ፣ በእጃቸው የነበረው መደራደሪያ የዛሬ ሃያ ዓመቱ አልነበረም። ያገኙት ከጠየቁት በጣም ያነሰ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ሳተላይትን የአሜሪካ ታላቅ ስኬት ብለው ይመዘግባሉ፤ እውነትም ነው። ለኢትዮጵያ ግን ያ ስኬት የኪራይ ዋጋችንን ያወረደ ነገር ነበር። ይህን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ኦጋዴን ከማለፌ በፊት ስለ አንድ ሚሳኤል ጥቂት ልቆይ፤ ያለ እርሱ ቀጣዩ አይገባምና። ሳይድዋይንደር በአሜሪካ በረሃ የሚኖር፣ የአደኑን የሰውነት ሙቀት የሚለይ እባብ ነው። በካሊፎርኒያ በቻይና ሌክ የባሕር ኃይል መሞከሪያ ጣቢያ ይሠራ የነበረው ዊልያም ማክሊን፣ የጠላት ጄት ሞተር የሚተፋውን ሙቀት ተከትሎ የሚሄድ ትንሽ ሚሳኤል ሲነድፍ ስሙን ከዚህ እባብ ወሰደ። ሚሳኤሉ በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢላማውን መታ። የአሠራሩ ውበት ቅለቱ ነው። በአፍንጫው ላይ ሙቀት የሚያይ ዓይን አለ። በጅራቱ ክንፎች ጫፍ ላይ ደግሞ በነፋስ የሚሽከረከሩ ጥርሳም ትናንሽ ጎማዎች አሉ፤ ሚሳኤሉ ወደ ጎን መጠቅለል ሲጀምር የጎማዎቹ ሽክርክሪት ይቃወመውና ያረጋጋዋል። የአሮጌው የሄል ሮኬት እንዲረጋ መሾር ነበረበት፤ ሳይድዋይንደር ደግሞ ዓይኑ እንዲያይ መሾር የለበትም። መፍትሔው ግን በሁለቱም ያው የእንዝርት ብልሃት ነው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1958 የታይዋን ሴበሮች በቻይና ሚጎች ላይ ተኮሱት፤ ሙቀት ተከታይ ሚሳኤል በጦርነት ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ፍጥጫ አንድ ሳይድዋይንደር ሳይፈነዳ በአንድ ሚግ-17 ገላ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። አብራሪው ሚሳኤሉን እንደተሸከመ ሰፈሩ ገባ። ቻይናውያን ለሶቭየቶች ሰጡት፤ ሶቭየቶች ፈትተው፣ አጥንተው፣ ኬ-13 የተባለውን የራሳቸውን ሠሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሚግ-21 ክንፍ ሥር ታጠቁት። ከእነዚህ ሚግ-21ዎች የተወሰኑት ለሶማሊያ ተሰጡ።

አሁን 1969 ዓ.ም. ላይ ደርሰናል። በየካቲት የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የጦር እርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ሚያዝያ 15 ቀን ደርግ ቃኘውንና የአሜሪካን የጦር አማካሪ ቡድን ዘጋ። ከአብዮቱ በኋላ መምጣት የጀመሩት ኤፍ-5ኢዎች ከፊላቸው ብቻ ደርሰው ነበር፤ የቀሩት ቀሩ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ሐምሌ 6 ቀን ጎዴ ላይ በተከፈተው ጥቃት ፎን ሮዘን ተገደለ፤ ያ ከአርባ ዓመት በፊት በቀይ መስቀል አውሮፕላን የመጣው ሰው።

በዚያን ሐምሌ ሰማይ ላይ የሆነውን ልብ በሉ። በአንድ ወገን ሚግ-21ን መስሎ ለአሜሪካውያን ልምምድ የሚያገለግለው ኤፍ-5ኢ፤ በሌላው እውነተኛው ሚግ-21። በአንዱ ክንፍ ጫፍ ሳይድዋይንደር፤ በሌላው ሥር የሳይድዋይንደር ቅጂ። የኢትዮጵያ አብራሪዎች ብዙዎቹ በአሜሪካ የሰለጠኑ፣ ትእዛዝና ምልክታቸው እንግሊዝኛ የሆነ፣ አሜሪካም ፊቷን ያዞረችባቸው ነበሩ። የሶማሊያ አየር ኃይል በቁጥር ይበልጥ ነበር፤ ሚግ-21ም በፍጥነት ኤፍ-5ኢን ያስከነዳል፤ እርሱ የድምፅን ፍጥነት እጥፍ ሲደርስ ኤፍ-5ኢ ከአንድ ነጥብ ስድስት አያልፍም። ሆኖም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሰማዩ የበላይነት የኢትዮጵያ ሆነ።

ለምን? የአውሮፕላኑ ጥራት አንድ ምክንያት ነው፤ ኤፍ-5ኢ በዝቅተኛ ፍጥነት በጠባቡ ይታጠፋል። በካራማራ ተራራ ላይ የነበረው አሜሪካ ሠራሽ ራዳር ሁለተኛው ነው፤ ጠላት ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያሳይ ነበር። የአብራሪዎቹ ድፍረት በሚገባ ስለተነገረ እኔ አልደግመውም። ሲነገር የማልሰማው ግን ይህ ነው፤ አንድ ተዋጊ ጄት ለእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ብዙ የጥገና ሰዓት ይበላል። በሚያዝያ አማካሪዎቹ ሲወጡ፣ የመለዋወጫ መንገድ ሲዘጋ፣ በሐምሌ እነዚያ አውሮፕላኖች በቀን ብዙ ጊዜ እየተነሡ ይዋጉ ነበር። ይህ የሚሆነው ዕቃውን የሚያውቅ፣ ከአንዱ አውሮፕላን አውጥቶ ለሌላው የሚያለብስ፣ ሚሳኤል የሚያስር፣ ራዳር የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ በመጋዘኑ ውስጥ ስለነበረ ነው። ሃያ አራት ዓመት በፈጀው ግንኙነት ውስጥ አሜሪካ ልትወስደው ያልቻለችው ይህን ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ እገዛ ፈጽሞ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ እስራኤል ለኢትዮጵያ መሣሪያ ስትሰጥ እንደቆየች ሞሼ ዳያን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1978 በአደባባይ ተናግረዋል፤ ያ ንግግርም ግንኙነቱን አበላሽቶታል።

አየር ብቻውን ጦርነት አያሸንፍም። በመስከረም 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅጅጋ ወደቀች፤ የካራማራ ራዳርም ከእጅ ወጣ። ከኅዳር ጀምሮ የሶቭየት አውሮፕላኖች ታንክና መድፍ እያመላለሱ አራገፉ፤ የኩባ ወታደሮች መጡ፤ ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ከተራራው ጀርባ አሳረፉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራና ጅጅጋ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በቢሾፍቱና በድሬዳዋ የሆነው ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ከድሉ ይልቅ የሚያስተምር ይመስለኛል። አየር ኃይሉ ወደ ሚግ ዞረ። ለሃያ ዓመት ከፍታን በጫማ፣ ፍጥነትን በኖት፣ የብሎን መጠንን በኢንች የለመደ እጅ ሁሉንም ወደ ሜትርና ኪሎ ሜትር መለወጥ ነበረበት። የእንግሊዝኛው የጥገና መጽሐፍ ተዘግቶ የሩስኪኛው ተከፈተ። አንድ መፍቻ እንኳ ለሌላው አይሆንም። ጋፋት ላይ ሁለተኛ ትውልድ ሳይተካ የቀረው በሞትና በጦርነት ነው፤ እዚህ ግን ትውልዱ በሕይወት እያለ እውቀቱ በአንድ የፖለቲካ ውሳኔ ሰነድ አልባ ሆነ። ባለሙያዎቹ ተምረው እንደገና ሠሩ፤ የከፈሉትን ዋጋ ግን የመዘገበ የለም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በየከተማው፣ በዚህ ዞንም ጭምር፣ ጡረታ ላይ ያሉ አሉ። በታሪክ ክፍላችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከአብራሪው በፊት መካኒኩን ጠይቁ። የትኛው ዕቃ ቀድሞ አለቀ? ምን ተክታችሁ ሠራችሁ? የትኛው መጽሐፍ በእጃችሁ ቀረ? በየቤቱ ያሉ ማስታወሻ ደብተሮች ከመጥፋታቸው በፊት ቅጂያቸው ይወሰድ።

የአንድ ሰው ታሪክ ልጨምርና ላብቃ። በኦጋዴን ሰማይ ሚጎችን ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ፣ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሰ ተፈራ፣ አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሶማሊያ እጅ ወደቁ። አሥራ አንድ ዓመት ታሰሩ። ሁለቱ መንግሥታት ታርቀው ምርኮኞች ሲለዋወጡ፣ በ1980 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሲማረኩ ትተውት የሄዱት አየር ኃይል የአሜሪካ አውሮፕላን የሚያበር ነበር፤ ተመልሰው ያገኙት በጠላታቸው ክንፍ ያዩትን ሚግ-21 የሚያበር ሆኖ ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።